ያመለጡ ደወሎችና የእትዬ አስካለ እንቁላሎች

አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሥራውን ሲሠራ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍተው ጎረቤቱ አንድ ፔርሙዝ ሙሉ አጥሚት ይዘው ቆመዋል።

«ሳይበርድ ጠጣው» አሉት።

«ምንድን ነው?»

«አጥሚት ነዋ። መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ ይጎዳል።»

«የምን መድኃኒት?»

ሴትዮዋ ገቡና ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔን አትደብቀኝ። የኛ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ሁሉ ይሰማል። ጢን ይላል፣ ትነሳለህ። ትንሽ ቆይቶ ጢን ይላል፣ ደግሞ ትነሳለህ። ከዚያ ‹ወይኔ› ትላለህ። እንዲህ ሰዓት እየጠበቁ የሚውጡት መድኃኒት የምን እንደሆነ አላጣሁትም። ይድናል! የኔ ወንድም ድኗል፤ አሁንማ ሱሪ ጠቦታል።»

ሰውየው ሳቁን መያዝ አቃተው። ሲስቅ አሳለው። ሲያስል ሴትዮዋ «አየህ!» አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ምንም አልታመመም። ምንተስኖት ይባላል፤ ሴትዮዋ ደግሞ እትዬ አስካለ ናቸው። የሚኖሩት ቢሾፍቱ ነው፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ ተካፍለው። ምንተስኖት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ምን ይሠራል? ይህን ሰፈሩ ሁሉ ጠይቋል። መልሱን የሰማ ሁሉ ደግሞ «እሺ፣ በርታ» ብሎ ሄዷል።

እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የታዘዘውን የሚሠራው በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ሲሰጠው ነው፤ እነዚያ ቋንቋዎች ደግሞ የፈረንጅ ናቸው። ምንተስኖት በአማርኛ የሚታዘዝበት ቋንቋ ልሥራ ብሎ ተነሳ። ሁለት ዓመት አለፈው። ቋንቋውን የሚጠቀምበት ሰው ስንት ደረሰ? አንድ። እሱ ራሱ። እሱም ሲመቸው።

ጢን የሚለውስ? እንዲህ ያለ ቋንቋ ከሥሩ አንድ ክፍል አለው፤ የተጻፈውን ትእዛዝ ተሸክሞ የሚያስኬድ። ባለሙያዎቹ ራንታይም ይሉታል። እኛ ሎሌው እንበለው። ጌታው ጽፎ ይሄዳል፣ ሎሌው ቤቱን ያስተዳድራል። ምንተስኖት ለዚህ ሎሌ ታይመር ሊያስተምረው ነበር የሚደክመው፤ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት፣ ሳይሰለች፣ ሳይረሳ ደወል እንዲደውል።

ሎሌው ግን እየዘገየ አስቸገረው። ለምን? ይደውላል፣ ደወሉ ያስከተለውን ሥራ ይሠራል፣ ሥራውን ሲጨርስ ነው የሚቀጥለውን ጊዜ መቁጠር የሚጀምረው። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ያመልጠዋል። የዛሬዋ መዘግየት በትናንቷ ላይ ትቀመጣለች። ምንተስኖት ደወሉን በሰማ ቁጥር እየተነሳ የግድግዳውን ሰዓት የሚያየውና «ወይኔ» የሚለው ለዚህ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእትዬ አስካለ አስረዳቸው። አጥሚቱን እየጠጣ አስረዳቸው፤ ምክንያቱም የእትዬ አስካለን አጥሚት መመለስ አይቻልም።

«ስለዚህ አልታመምክም» አሉ።

«አልታመምኩም።»

«ይሄ ጢን የሚለው በሰዓቱ ጢን እንዲል ነው ከቤት የማትወጣው።»

«አዎ።»

«ቤተ ክርስቲያን የቀረኸውም ለዚህ ነው።»

ምንተስኖት አጥሚቱን ጎንጨት አለ። ከፋሲካ ወዲህ አልሄደም ነበር። መጀመሪያ አንድ እሁድ ሥራ ያዘው። ሁለተኛው ላይ ደከመው። ሦስተኛው ላይ ሰው «የት ጠፋህ?» ቢለኝስ ብሎ አፈረ። ከዚያ በኋላማ ማፈሩ ራሱ ሥራ ሆነለት።

ያን ዕለት ማታ ፔርሙዙ ሳያልቅ መፍትሄው ተገለጠለት። ሎሌውን «ከጨረስክበት አትቁጠር፤ መጀመሪያ ከታዘዝክበት ቁጠር» አለው። ብትዘገይም ቀጣዩ ቀጠሮ አይነቃነቅም አለው። ደወሉ ተስተካከለ። እትዬ አስካለ በግድግዳው ማዶ ጢን ሲል ሰሙ፤ «ወይኔ» ግን አልሰሙም። «ተሻለው» ብለው ተኙ።

አሁን ወደ እንቁላሎቹ እንምጣ።

እትዬ አስካለ ጫጩት ያስፈለፍላሉ። የእንጨት ሳጥን አላቸው፣ ሙቀቱን ራሱ እየለካ የሚበራና የሚጠፋ አምፖል ያለው። ሳጥኑ ሙቀት ይሰጣል፤ እንቁላል ማገላበጥ ግን አያውቅም። እንቁላል ደግሞ ካልተገላበጠ ውስጡ ያለችው ጫጩት ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቃ ትቀራለች። ስለዚህ እትዬ አስካለ ያገላብጣሉ። ገበያ ሄደው ሮጠው ይመለሳሉ፤ ያገላብጣሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሰዓት ያያሉ። በዚያ ዙር የያዙት ከራሳቸው ቀያይ ዶሮዎች አንድ በአንድ ያጠራቀሙትን ነበር። ሰፈሩ ጫጩቶቹን ገና በእንቁላላቸው ተከፋፍሏቸው ጨርሷል።

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። አዳማ ያለችው ልጃቸው ህሊና ምጥ ይዟታል። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሐኪም የነገራት ቀን ገና ነበር፤ ሕፃኑ ግን ሐኪሙን አላማከረም።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ለበሱ። በር ላይ ደረሱ። ተመለሱ። ሳጥኑን አዩ። ደግሞ በር ላይ ደረሱ። ደግሞ ተመለሱ። ልጄ ወይስ ጫጩቶቼ? እናት ለልጇ ትሄዳለች፤ ይህ ምንም አያጠያይቅም። ግን አያችሁ፣ ሰው የለፋበትን ትቶ ሲሄድ አንገቱ ወደ ኋላ ይዞራል።

በሦስተኛው መመለሳቸው ላይ በግድግዳው ማዶ ጢን አለ።

«ምንተስኖት!» አሉ በግድግዳው። «ያ ጢን የሚለው ነገር እንቁላል ያዞራል?»

ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፣ ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ ምንተስኖት ነጠላ ጫማውን በአንድ እግሩ ብቻ አድርጎ በራቸው ላይ ቆመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቋንቋውን የፈለገ ሰው መጣ! ከአሮጌ መኪና የተፈታ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነበረው። እንቁላሎቹ በሚተኙበት ትሪ ላይ አሰረው። ሞተሩ ትሪውን ወዲያ ገፋ ሲያደርገው እንቁላሎቹ ተንከባለው ይገለበጣሉ፤ በሚቀጥለው ደወል ወዲህ ይመለሳሉ። ላፕቶፑን ከሳጥኑ አጠገብ አስቀምጦ ከሞተሩ ጋር በገመድ አገናኘውና ትእዛዙን ጻፈ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

በየግማሽ ሰዓቱ ትሪውን ግፋ።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ይሄን ለመጻፍ ነው ሁለት ዓመት የፈጀብህ?»

ምንተስኖት አልከፋውም። በጣም ደስ ብሎት ነበር። «እትዬ፣ አንድም ደወል አያመልጠውም። ለምሳሌ ኮምፒውተሩ ቢተኛ እንኳ ያመለጡትን ቆጥሮ ይይዛል። ሲነቃ አንድም ሳያጎድል ይደውላቸዋል። ታማኝ ነው!»

«ታማኝ ከሆነ ጥሩ» አሉና ሄዱ። በር ላይ ዞር ብለው ግን «እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ፤ ማልልኝ» አሉት። ማለላቸው። ለመጀመሪያዋ ደንበኛው ምን እምቢ ይላል?

እትዬ አስካለ አዳማ ገቡ። ህሊና በሰላም ተገላገለች። ወንድ ልጅ። ሎሌውም በየግማሽ ሰዓቱ ትሪውን እየገፋ ሰነበተ። ምንተስኖት ከሳጥኑ አጠገብ ወንበር አድርጎ፣ ሞተሩ ገፋ ባደረገ ቁጥር ፈገግ ይል ነበር። የገዛ ልጁ በእግሩ ሲሄድ እንደሚያይ አባት።

እሁድ መጣ። ምንተስኖት ታጠበ፣ ሸሚዝ ለወጠ። ሊወጣ ሲል እንቁላሎቹን አየና እጁ ለምዶበት ላፕቶፑን ከደነው። ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ ተኛ። ላፕቶፑ ሲተኛ ሎሌው ተኛ። ምንተስኖት በሩን ቆልፎ ሄደ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ መዝሙር ተጀምሯል። ደጃፉ ላይ ቆም አለ። በልቡ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነው የመጣው። ስለ መጀመሪያው እሁድ ይህን እላለሁ፣ ስለ ሁለተኛው ይህን፣ ስለ ሦስተኛው ይህን። ለሁሉም አንድ በአንድ መልስ አዘጋጅቶለታል። በር ላይ የሚቆሙት ሽማግሌ ጋሽ ወርዶፋ ናቸው። አዩት። ምንተስኖት አፉን ከፈተ።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ እኔ እኮ ያኔ…»

ጋሽ ወርዶፋ ወደ ኋለኛው አግዳሚ ዞሩና «እስኪ ጠጋ በሉለት» አሉ።

ሰዎቹ ጠጋ አሉ። የአንድ ሰው ቦታ ተከፈተ። ምንተስኖት ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ሴት የመዝሙሩን ወረቀት ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። መዝሙሩ ሦስተኛው አዝማች ላይ ደርሷል። እሱም ከሦስተኛው አዝማች ጀመረ። ማንም ተነስቶ «መጀመሪያ ያልዘመርከውን ዘምር» አላለውም።

ከአምልኮው በኋላ ጋሽ ወርዶፋ ምሳ ወሰዱት። ምሳው ጨዋታ አመጣ፣ ጨዋታው መክሰስ አመጣ። ቤቱ ሲመለስ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። እየዘመረ ገባ። የእትዬ አስካለን በር ከፈተ። ሳጥኑ ሞቋል። እንቁላሎቹ ጸጥ ብለዋል። ላፕቶፑ… ተከድኗል።

«ወይኔ» አለ። ይህቺን «ወይኔ» ከሰማናት ቆየን አይደል?

ተሯሩጦ ክዳኑን ከፈተ።

ወገኖቼ፣ ሎሌው ነቃ። ነቅቶ ሰዓቱን አየ። ጠዋት ያላዞርኩት አለ። ረፋድ ላይ ያላዞርኩት አለ። ቀትር ላይ፣ ከሰዓት፣ ወደ ማታ… ታማኝ ነው! አንድም አያጎድልም! ሞተሩ ተነሳ። ትሪው ወዲያ፣ ትሪው ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ! እንቁላሎቹ ሠርግ ቤት የገቡ መሰሉ። እርስ በርስ ተጋጩ። አንዷ ቋ አለች። ምንተስኖት «ተው! በቃህ!» እያለ ጮኸ፤ በአማርኛ ነው የጮኸው፤ ሎሌው ግን የተጻፈ እንጂ የተጮኸ አማርኛ አይገባውም። በመጨረሻ ገመዱን ነቀለው።

ጸጥ አለ። ምንተስኖት ገመዱን በእጁ እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ያደረገው ስልክ መደወል ነው። ሊደብቅ ይችል ነበር፤ አልደበቀም።

«እትዬ፣ እንቁላሎቹ…»

«ተሰበሩ?»

«አንዷ።»

«የቀሩትስ?»

«ዞሩ።»

«ይዙሩ እንጂ! ለዚያ አይደል የተቀመጡት?»

«ትንሽ… በዛ ብለው ዞሩ።» ሁሉንም ነገራቸው። ክዳኑን ስዘጋው ይተኛል፣ ሲነቃ ያመለጠውን ሁሉ ባንዴ ካላደረስኩ ይላል አላቸው።

በስልኩ ውስጥ ሕፃን አለቀሰ። እትዬ አስካለ አባበሉትና «ስማኝ ልጄ» አሉ። «እኔ አሁን የልጅ ልጄን ታቅፌያለሁ። በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን ስመጣ በብርሃን አያቸዋለሁ። እስከዚያ በእጅህም ሆነ በዚያ በታማኙ፣ ብቻ ቀስ ብለህ አዙርልኝ። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄድክ ወይ?»

«ሄጃለሁ።»

«ተመስገን» አሉና ዘጉት።

ምንተስኖት በእጁ፣ ቀስ እያለ፣ እያንዳንዷን አንዴ አገላበጣት። ሲጨርስ የራሱን ጽሑፍ ከፈተ። የኮራበት ቦታ ላይ ደረሰ። ያመለጠውን ቁጠር፤ ስትነቃ ሁሉንም ደውል። ደጋግሞ አነበበው። ይህንን ሲጽፍ ታማኝነት መስሎት ነበር።

እና የጋሽ ወርዶፋ ድምፅ መጣበት። እስኪ ጠጋ በሉለት።

ስንት እሁድ ቀረህ አላሉትም። ቁጠር አላሉትም። ጠጋ በሉለት ብቻ። እሱ ግን ለሎሌው የጻፈው የጋሽ ወርዶፋን ሕግ አልነበረም፤ በር ላይ ቆሞ ሲፈራው የነበረውን ሕግ ነው። በራሱ ላይ እንዳይደርስ የሚሸሸውን፣ ለሎሌው ሥራ ብሎ ሰጠው!

ሰረዘው። ቁጥሩን የሚይዘውን ክፍል ሁሉ ሰረዘ። በቦታው አንዲት ጥያቄ አኖረ፦ አምልጦኛል ወይስ አላመለጠኝም? ካመለጠህ፣ አንድም ይሁን ብዙ፣ አሁን አንዴ ደውል። ከዚያ የሚቀጥለውን በቀጠሮው ሰዓት። አለቀ። የተጻፈው ከተሰረዘው አነሰ።

እንቁላሎቹን ከትሪው አውጥቶ በቦታቸው ሎሚ አድርጎ ሞከረው። ክዳኑን ዘጋ። ቆየ። ከፈተ። ሞተሩ ተነሳ፣ ትሪውን አንዴ ገፋ፣ ቆመ። ምንተስኖት ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ቆመ! ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ፣ በልኩ፣ አንዴ ወዲህ። ምንተስኖት ብቻውን፣ ከሎሚዎቹ ጋር፣ ከት ብሎ ሳቀ።

እትዬ አስካለ ተመለሱ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወደ ሳጥኑ። በሩን ዘግተው አንዷን እንቁላል አምፖሉ ላይ ያዟት። ምንተስኖት ከኋላቸው ቆሟል፤ ፊታቸውን ማየት ፈርቶ ነጠላቸውን ያያል። እንቁላሏ ቀላች። ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ። መሐላቸው አንድ ጥቁር ነገር አለ። ቆመ፣ ቆመ… ዘለል አለ።

«እልል!» አሉ እትዬ አስካለ። እልልታው እኛ ቤት ድረስ ተሰማ፤ ህሊና መንታ ወለደች እንዴ አልን። ቀናቸው ሲደርስ አብዛኞቹ ተፈለፈሉ። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ በዚያ ግድግዳ የሚሰማው ጢን ሳይሆን ጪው ጪው ሆነ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ።

እናንተስ ያመለጣችሁ የለም? ወዳጃችሁ እናቱ ሞተችበት፤ ለቅሶ አልደረሳችሁም። ሥራ ነበር፣ መንገድ ነበር፣ ይሁን። በሰልስቱ አፈራችሁ። በአርባው ይበልጥ አፈራችሁ። አሁን ከሩቅ ስታዩት መንገድ ትሻገራላችሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም። እዚሁ አለ፤ አሁን ጣሪያውን እያየ ነው።

ምን ትጠብቃለህ? ሁሉንም ባንዴ የምትክስበትን ቀን? እንደዚያ ያለ ቀን የለም፤ ቢኖርም እንቁላል ይሰብራል። ዛሬ ሂድ። አንዴ በሩን አንኳኳ። «ያኔ አልመጣሁም፤ አሁን መጣሁ» በል። ተቀመጥ። ከዚያ የሚቀጥለውን በሰዓቱ።

አባቶች ሆይ፣ ዓመቱን ሙሉ ያላያችኋቸውን ልጆች በአንድ በዓል ቀን በስጦታ፣ በምክርና በቁጣ ወዲያ ወዲህ አታንገላቷቸው። አንዴ ቀስ አድርጋችሁ እቀፏቸው። ነገ ደግሞ። ጸሎት የተውሽ እህቴ፣ የተውሽውን ሁሉ ዛሬ ማታ ልጨርስ ብለሽ ከተነሳሽ እንቅልፍ ይወስድሻል፤ ነገም ታፍሪያለሽ። አንዲት አጭር ጸሎት ጸልዪና ተኚ። እግዚአብሔር ያመለጡትን ደወሎች ቆጥሮ በር ላይ የሚጠብቅ ይመስላችኋል? እሱ እኮ ሌሎቹን «ጠጋ በሉለት» እያለ ነው። ደግሞ ዘገየሁ ብላችሁ ከመዘግየታችሁ አትቁጠሩ። እሱ መጀመሪያ ከጠራችሁበት ሰዓት ቁጠሩ፤ እሱ ቀጠሮውን አላነቃነቀም።

ይህ ለመስማት ቀላል ነው። ለመኖርስ? ምንተስኖት እንዴት እንደኖረው ልንገራችሁ።

ጫጩቶቹ የተፈለፈሉ ሰሞን ምንተስኖት አንድ ነገር ታሰበው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤቱን ደህና አደሩ ብሎ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ዳቦ ይዞ እትዬ አስካለ ቤት ገባ፤ ደህና አደሩ አለ። ረፋድ ላይ ውሃ ቀድቶላቸው መጣ። ቀትር ላይ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት ብሎ መጣ። ከሰዓት ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ልይ ብሎ መጣ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ሙዝ አንጠልጥሎ በሩን አንኳኳ።

እትዬ አስካለ በሩን ገርበብ አድርገው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«ምነው ልጄ» አሉት፣ «ክዳንህ ተዘግቶ ከርሞ ነበር እንዴ?»